ዝናቡ ደንገጎ፣ ጎርፉ ድሬዳዋ

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ድሬዳዋ እንደ ወትሮዋ አምሽታ ተኛች። ለእሑድ አጥቢያ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደቻቱ ሞልቶ መጣ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ወንዝ በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። የወንዙን ዳር ይዘው የተሠሩ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተወሰዱ። ብዙዎቹ ሟቾች ከእንቅልፋቸው ሳይነሱ ነው የተወሰዱት።

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል። የድሬው ለማሳሳቅም ጊዜ አልሰጠም።

ስለ አየር ጠባይና ስለ ከባድ ማዕበል ለተማሪ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የአሜሪካ ቶርኔዶ ነው። ሥዕሉ ያምራል፣ ቪዲዮውም በየስልኩ ሞልቷል። ለእኛ ልጆች ግን ደቻቱ የተሻለ መማሪያ ይመስለኛል። ነፋስ፣ ደመና፣ ተራራ፣ አፈርና የከተማ አሰፋፈር በአንድ ሌሊት አንድ ላይ የተገናኙበት ጉዳይ ነውና። ደግሞም አንድ የሚያስገርም ነገር አለው። ሰው የገደለው ውኃ በብዛት የወረደው ከሟቾቹ ሰማይ አልነበረም። ከላይ ከደጋው ነው የመጣው።

ተራራው

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በሰሜን በኩል ሜዳው እየሰፋ ወደ ቆላው ይዘልቃል። በደቡብ ግን ተራራ ተገትሯል። ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ እንዳለ መጠማዘዝ ይጀምራል። ደንገጎ አናት ሲደረስ ከፍታው 2 ሺህ ሜትር አልፏል። ጆሮ ይደፈናል። ድሬ ላይ በካናቴራ የተሳፈረ ሰው እዚህ ሹራብ ያምረዋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይቀንሳል። የሹራቡ ምሥጢር ይኸው ነው።

ይህ የተራራ ሰንሰለት የውኃ መለያያ ነው። በደቡብ ትከሻው ላይ ያረፈ ጠብታ ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ያደላል። በሰሜን ትከሻው ያረፈው ግን መውረጃው ወደ ድሬዳዋ ነው። በየሸለቆው የወረደው ውኃ እየተሰበሰበ ከተማዋን መሐል ለመሐል ያቋርጣል። ዋናው መሰብሰቢያ ደቻቱ ይባላል።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጂቡቲ ተነሥቶ እዚያ ሲደርስ ነው። ከዚራ የሚባለው ሰፈር በወንዙ አንዱ ዳር፣ መጋላ የሚባለው በሌላው ዳር አደጉ። ቀፊራ ገበያም ወንዙን ተጠግቶ ቆመ። ደቻቱ ደረቅ በሆነበት ጊዜ ያየው ሰው ወንዝ ነው ብሎ ለማመን ይቸገራል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ግመልና አህያ ጭነው የመጡ ነጋዴዎች ያቋርጡታል። አሸዋ ተዝቆ ለግንባታ ይጫናል። ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጥም አይጠፋም። ውኃ የሚያዩበት በዓመት ጥቂት ቀን፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት ነው።

ክረምቱ እንዴት እንደሚመጣ

ዝናብ ከየት ይመጣል? አጭሩ መልስ፣ ከባሕር። ረጅሙ ትንሽ ይከብዳል፤ ግን ይገፋል።

ፀሐይ ምድርን እኩል አታሞቅም። በጣም በሞቀው አካባቢ አየሩ ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣል። ቦታውን ለመሙላት ከሰሜንም ከደቡብም ነፋስ ይጎርፋል። ሁለቱ ነፋሳት የሚገናኙበት መስመር በምድር ወገብ አካባቢ ዓለምን እንደ መቀነት ይዞራል። ባለሙያዎቹ አይ.ቲ.ሲ.ዜድ ይሉታል። መቀነቱ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ፀሐይን እየተከተለ ይወጣል፣ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ወጥቶ በሰሜን ኢትዮጵያ በኩል ያልፋል። ከእሱ በስተደቡብ ያለው አገራችን ያን ጊዜ እርጥብ ነፋስ ይገባበታል። እርጥበቱ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ የኮንጎን ደን አቋርጦ ይመጣል። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣም አለ። ክረምት የምንለው ይህንኑ ነው።

ድሬዳዋ ታዲያ ዝናብ የሚርባት ከተማ ናት። ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ከ600 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። እሱም በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በበልግ፣ ሌላው በክረምት። ይህን ያነበበ ሰው «ታዲያ እንዲህ ዝናብ በሚያንሳት ከተማ ጎርፍ ከየት መጣ?» ቢል አይፈረድበትም። የዓመቱ ድምር ግን ስለ ጎርፍ የሚነግረን ጥቂት ነው። ጎርፍ የሚወስነው በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ወረደ የሚለው ነው።

ነጎድጓዱ

በክረምት ቀን ፀሐይ የደንገጎን ድንጋይ ታሞቀዋለች። ከድንጋዩ ጋር የሚነካካው አየርም ይሞቃል። ከቆላው በኩል ያለው አየር ዳገቱን ተከትሎ መውጣት ይጀምራል። እርጥብ ነፋስ ሲመጣ ተራራው መንገድ ይዘጋበታል፤ ያለው ምርጫ ወደ ላይ መውጣት ብቻ ነው። ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ተን ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጣል። ደመና ማለት እነዚህ ጠብታዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ተን ወደ ውኃ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል። ያ ሙቀት አየሩን እንደገና ያቀለውና ወደ ላይ ይገፋዋል። ደመናው ራሱን በራሱ ይነዳል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ እንደ ጥጥ የተከመረችው ትንሽ ደመና ሲመሽ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የምትወጣ ጥቁር ግንብ ልትሆን ትችላለች። አናቷ በረዶ ነው። በውስጧ የሚጋጩት የበረዶ ቅንጣቶች የኤሌክትሪክ ሙል ይከማችባቸዋል፤ መብረቅ ከዚያ ይወለዳል። በመጨረሻ ወደ ላይ የሚገፋው ነፋስ የተከማቸውን ውኃ መሸከም ያቅተዋል። ዶፍ ይወርዳል።

ብዙውን ጊዜ አንድ የነጎድጓድ ደመና ከአንድ ሰዓት ብዙ አይቆይም። ዝናቡን ጥሎ ይበተናል ወይም በነፋስ ይገፋል። ክፉው ነገር የሚመጣው ተራራው ሲገባበት ነው። አንዱ ደመና አፍስሶ ሲያበቃ እዚያው ዳገት ላይ ሌላ ይወለዳል፤ እሱን ተከትሎ ሌላ። ዝናቡ ቦታ ሳይለቅ አንዱን ሸለቆ ለሰዓታት ይመታዋል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ አፈሩ የክረምቱን ውኃ ሲጠጣ ሰንብቷል። የሚገባበት ቦታ የለውም።

ሒሳቡ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ይህን መለካት የሚፈልግ ተማሪ መሣሪያ መግዛት የለበትም። ጎኑ ቀጥ ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። አንገቱን ቆርጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ ገልብጣችሁ መልሳችሁ ክተቱት። ታቹ ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩና እስከ አንድ ምልክት ድረስ ውኃ ሙሉት፤ ምልክቱ ዜሮ ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመረውን በማስመሪያ አንብቡ። የአየር ጠባይ ጣቢያዎች በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው የሚያነቡት፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

አሁን 40 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል። ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ጀሪካን ውኃ ነው። ምንም አይመስልም። ይኸው ዝናብ ግን በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ዳገት ላይ ቢወርድ 4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። መሬቱ ግማሹን ጠጣው ብለን ለጋስ ብንሆን እንኳ 2 ሚሊዮን ይቀራል። 20 ሜትር ኩብ በሚይዝ የውኃ ቦቴ ይመላለስ ቢባል 100 ሺህ ቦቴ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ውኃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከተማ አቋርጦ ቢያልፍ በየሰከንዱ 14 ቦቴ ገደማ ማለት ነው። በየሰከንዱ! አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ደግሞ አንድ ቶን ይመዝናል። ጭቃ፣ ግንድና ቋጥኝ ሲጨመርበት ከዚያም ይከብዳል። ቁጥሮቹን ለመለማመጃ መረጥኳቸው እንጂ የዚያ ሌሊት ልኬት አይደሉም። ግን ነገሩ ከልኬቱ ይበልጥ የሚገባው እንዲህ ሲሰላ ነው።

ፍጥነቱም ሌላ ጣጣ ነው። የውኃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው የሚሮጥ ውኃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ኖሮት አዋቂ ሰው የሚጥለው። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅማ አይነሣ።

ሌላው ስሌት የሰዓት ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ውኃው በሰከንድ ሦስት ሜትር ይሮጣል እንበል። 15 ኪሎ ሜትር ለመውረድ 83 ደቂቃ ይፈጅበታል። ይህ ጊዜ የማስጠንቀቂያ ዕድል ነው። ደጋው ላይ ያለ ሰው አይቶ መናገር አለበት። መልእክቱ ከተማ መድረስ አለበት። ከተማ ውስጥ ደግሞ የተኛውን ሰው ቤት ለቤት የሚቀሰቅስ ያስፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ 83ቱ ደቂቃ ባዶ ነው። በ1998 ሞባይል እንደ ዛሬ በየኪሱ አልነበረም። ሰዓቱም ሌሊት ነበር። ቀን ቢሆን ኖሮ ውኃው ያንኑ ያህል ቢሆንም ሰው ሩጦ የማምለጥ ዕድል ይኖረው ነበር።

ሰው ወንዝ ውስጥ ምን ይሠራል?

ይህ ጥያቄ ከአደጋው በኋላ ብዙ ጊዜ ይነሣል። የሕዝቡ ቸልተኝነት ነው ብሎ ማለፍ ግን አይመቸኝም። ከተማ ሲሰፋ የደህናው ቦታ ዋጋ ይወደዳል። ድሀ የሚያገኘው ሌላው የማይፈልገውን ነው። ደረቅ የወንዝ ዳር ለገበያ ቅርብ ነው፤ አሸዋውም ሥራ ይሰጣል። ለዓመታት ምንም ሳይሆን ሲቀር ሰው ይረሳል። ደቻቱ ከ1998 በፊትም ሞልቶ ያውቃል፤ ግን የየዓመቱ ጎርፍ ልኩ አንድ አይደለም።

የደጋው መራቆትም አለበት። ዛፍና ቁጥቋጦ ያለበት ዳገት ዝናቡን ያዘገየዋል። ሥር አፈሩን ይይዛል፤ ቅጠል የጠብታውን ምት ይቀበላል። ዳገቱ ሲራቆት ውኃው ሳይሰርግ ይንሸራተታል። ከደንገጎ ማዶ ያለው የሐረማያ ሐይቅ ከዚህ አደጋ ጥቂት ቀደም ብሎ ደርቆ ነበር። በደለል ተሞላ፣ ለመስኖና ለከተማ ውኃ ከመጠን በላይ ተቀዳ። አንዱ ጎን ውኃ አጥቶ ሐይቁ ሲደርቅ፣ በሌላው ጎን ውኃ ከተማ ያጥለቀልቃል። የሚቃረን ይመስላል እንጂ ሁለቱም መሬቱ ውኃ መያዝ ሲያቅተው የሚመጡ ናቸው።

በዚያው ክረምት፣ ሌላ ሁለት ጎርፍ

1998 ለጎርፍ ማስተማሪያ የተፈጠረ ዓመት ይመስላል። ከድሬው በኋላ ሳምንት ገደማ ሲሆነው ኦሞ ወንዝ በታችኛው ተፋሰስ ሞልቶ ዳሰነች ወረዳን አጥለቀለቀ። 364 ሰዎች መሞታቸው ተነገረ። ከብቱም በሺዎች አለቀ። ያ ውኃ የወረደው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ካለው የጊቤና የኦሞ ደጋ ነው። ደቻቱ በሰዓት ከደረሰ ኦሞ በቀናት ነው የሚደርሰው። ማስጠንቀቂያ ለመስጠት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ግን መንገድ በሌለበት ለሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር መልእክት ማድረስ ሌላ ፈተና ነው።

ሦስተኛው ጣና ዙሪያ ነበር። ርብና ጉማራ ወደ ፎገራ ሜዳ፣ መገጭ ወደ ደንቢያ ውኃ አመጡ። ሜዳው ዝርግ ነው፤ ሐይቁም ሞልቷል። ውኃው መሄጃ አጥቶ ማሳው ላይ ተኛ። እንዲህ ያለው ጎርፍ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎም ይሄዳል። ሰው ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል፤ ሰብሉ፣ ጎተራውና የመጠጥ ውኃው ግን ይበላሻል። በአንድ ክረምት ሦስት ዓይነት ጎርፍ። መሬቱ ሲለያይ ጎርፉም ይለያያል።

ተማሪዎች «እኛ አገር ሃሪኬን አይመጣም?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ «በቀጥታ አይመጣም» ነው። እንዲህ ያለው ማዕበል ነዳጁ ሞቃት ባሕር ነው፤ ከ26 ወይም 27 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውኃ ይፈልጋል። የብስ ሲነካ ይደክማል። እኛ ደግሞ ባሕር የለንም። ሆኖም በግንቦት 2010 ሳጋር የተባለው ሳይክሎን (ሃሪኬን በእኛ በኩል ባለው ባሕር የሚጠራበት ስም ነው) የኤደንን ባሕረ ሰላጤ አቋርጦ ሶማሌላንድ ገባ። ጂቡቲን በጎርፍ መታ፣ ርዝራዡም ምሥራቅ ኢትዮጵያ ላይ ዝናብ አወረደ። ድሬ ከዚያ ሩቅ አይደለችም።

ከዚያ ወዲህ

ከአደጋው በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ለተፈናቃዮችም በሌላ ቦታ መኖሪያ ተዘጋጀ። ግንብ ይጠቅማል። ግን የሚሠራው በተወሰነ የውኃ መጠን ልክ ተሰልቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲመጣ ያልፈዋል። ግንብ ባልተሠራበት ትንሽ ሸለቆ የሚመጣውንም አያቆምም። በሚያዝያ 2012 ጎርፍ እንደገና ድሬ ገብቶ ሰው ገድሏል። ወሩን አስተውሉ፤ ክረምት አይደለም፣ በልግ ነው። «ሐምሌ ሲገባ እንጠነቀቃለን» የሚል ሰው በበልግ ሊያዝ ይችላል።

የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የየወቅቱንም የየዕለቱንም ትንበያ ያወጣል። ትንበያው ለአንድ ቀጠና «ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ሊል ይችላል። የትኛው ሸለቆ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ መናገር ግን የየትኛውም አገር ባለሙያ የሚቸገርበት ነው። ቀሪውን ራስ ማየት ያስፈልጋል።

ድሬ ላለ ሰው የሚታየው ወደ ደቡብ ነው። ከተማው ላይ ኮከብ እየታየ ደንገጎ በኩል መብረቅ ደጋግሞ ሊብለጨለጭ ይችላል። ነጎድጓድ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ ድምፅ የለም ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። ብልጭታ አይታችሁ ነጎድጓዱን ከሰማችሁ በመሐል ያለፉትን ሰከንዶች ቁጠሩ፤ ለሦስት ሲካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣችኋል። ወንዙ አጠገብ ከሆናችሁ ደግሞ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ የነበረው ቀጭን ውኃ በድንገት ይደፈርሳል፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ ይመጣል፣ ከላይ በኩል የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይሰማል። ያን ጊዜ ዕቃ ለማንሳት መመለስ የለም። ወንዙን ተከትላችሁ ቁልቁል አትሩጡ፤ አትቀድሙትም። ውኃው የሚመጣው በሸለቆው ቁመት ነው፤ እናንተ ወደ ጎን፣ ወደ ዳገቱ ውጡ። ሸለቆው ጠባብ ከሆነ ጥቂት ሜትር ከፍታ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ውኃው ጎደለ ብላችሁም ቶሎ አትውረዱ፤ ደጋው ላይ ሌላ ደመና ተወልዶ ከሆነ ሁለተኛው ጎርፍ ገና መንገድ ላይ ነው።